ትራምፔቴን አጥቤ መልሼ ገጠምኩት፤ አሁን አየር አያሳልፍም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት እነፋለሁ። ትናንት ከብዙ ጊዜ በኋላ ትራምፔቴን ፈታትቼ በለብታ ውኃና በላርጎ አጠብኩት። ሲደርቅ መልሼ ገጠምኩት። አሁን የቱንም ያህል ብነፋ ትንፍሽ አይልም፤ አየር ጭራሽ አያልፍም። በዚያ ላይ 3ኛው ቫልቭ ስጫነው እዚያው ወርዶ ይቀራል። የቫልቭ ዘይት ስላልነበረኝ ትንሽ የኑግ ዘይት ነው የቀባሁት። ቅዳሜ ሠርግ አለብን። አበላሸሁት ማለት ነው?»

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አላበላሸሽውም። እንዲያውም «ጭራሽ አያልፍም» ማለትሽ ነው ልቤን ያሳረፈው። ትራምፔት ሲሰነጠቅ ወይም ብየዳው ሲለቅ አየር ያባክናል። ድምፁ ይላላል፣ ይሳሳል። ድርግም ብሎ የሚዘጋው ግን መንገዱ ላይ የቆመ ነገር ሲኖር ነው። ከእጥበት በኋላ ደግሞ መንገድ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ቫልቭ፣ ያ በጣት የሚጫነው ተንሸራታች ብረት፣ ነው፤ ወይ ቦታ ተቀያይሯል፣ ወይ ዞሮ ገብቷል። አልፎ አልፎ የመጥረጊያ ጨርቅ ቱቦ ውስጥ ተረስቶ ይገኛል። ስንት ጨርቅ ይዘሽ እንደጀመርሽ እስቲ አስታውሺ።

የ3ኛው ቫልቭ መያዝ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ለብቻው እናየዋለን። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ዘይቱ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። አጠገብሽ ፒንሳ ካለ አንሺውና ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ትራምፔት ለእጥበት ሲባል በእጅ የሚፈታ፣ በእጅ የሚገጠም ዕቃ ነው። በጣት አልሄድ ያለ ነገር ካለ ጉልበት አንሶሽ አይደለም፤ አገባቡ ተሳስቶ ነው። ለጥገና የሚመጡልኝ «ታጥቦ ተበላሸ» የሚባሉ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በእጥበቱ የተጎዱ አይደሉም። ከእጥበቱ በኋላ በተደረገው ትግል ነው የተጎዱት።

እንግዲህ አየሩ የት እንደቆመ እንፈልግ። ቫልቮቹ ከማውዝፒሱ፣ ከንፈር ከሚያርፍበት መንፊያ፣ በኩል ሲቆጠሩ 1፣ 2፣ 3 ናቸው። አየሩ ግን የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ይህን ለዓመታት የነፋም ሰው ላያውቀው ይችላል። በአብዛኛው ትራምፔት ላይ ከማውዝፒሱ የገባው አየር ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን የመቃኛ ስላይድ፣ ያንን ወጥቶ የሚገባ የታጠፈ ቱቦ፣ ይዞራል፤ ከዚያ መጀመሪያ የሚደርሰው 3ኛው ቫልቭ ጋ ነው። ከ3ኛው ወደ 2ኛው፣ ከ2ኛው ወደ 1ኛው፣ ከ1ኛው ወደ ቤሉ፣ ወደ ሰፊው አፍ፣ ያልፋል። ቱቦውን በጣትሽ ተከተይው፤ ያንቺም እንደዚህ መሆኑን ታያለሽ።

አሁን በዚህ መንገድ ጥፋተኛውን እንለየው። የ3ኛውን ቫልቭ የላይ ክዳን ፍቺና ቫልቩን አውጪው። ንጹሕ ጨርቅ ላይ አጋድሚው። ሌሎቹ ባሉበት ይቆዩ፤ የታች ክዳኖቹንም አትንኪ። መዳፍሽን ከባዶው የቫልቭ ቤት በላይ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ያዢና በማውዝፒሱ ቀስ ብለሽ ንፊ። ድምፅ ለማውጣት አይደለም፣ ትንፋሽ ብቻ። አየሩ መዳፍሽን ከነካው እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ንጹሕ ነው። ካልነካው ቫልቮቹ የሉበትም። ትልቁን ስላይድ አውልቂና ወደ ብርሃን አቅንተሽ እዪ፤ የተረሳው ጨርቅ እዚያ ወይም ማውዝፒሱ የሚገባበት ቱቦ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ 3ኛውን መልሺና 2ኛውን አውጪ። ንፊ። አየሩ ከ2ኛው ቤት ከወጣ 3ኛው በትክክል ገብቷል ማለት ነው። ካልወጣ የዘጋው 3ኛው ነው። እንዲሁ 2ኛውን መልሰሽ 1ኛውን አውጪ፤ አሁን የምትፈትኚው 2ኛውን ነው። አየሩ ከ1ኛው ቤት ወጥቶ፣ 1ኛውን ስትመልሺው ግን ድጋሚ ከተዘጋ፣ ጥፋቱ የ1ኛው ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አንድ ጥፋተኛ ካገኘሽ በኋላም የቀሩትን መፈተሽሽን አትተዪ። ሁለት ቫልቮች ቦታ ከተለዋወጡ ሁለቱም ናቸው የሚዘጉት።

ለምን እንደሚዘጋ ለማየት ቫልቩን ወደ መስኮት ወስደሽ አዙሪው። ጎኑ ላይ 6 ቀዳዳ አለ፤ ውስጥ ለውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው 3 መተላለፊያ ይሠራሉ። አንዱ መተላለፊያ ቫልቩ ሳይጫን አየሩን ቀጥ አድርጎ ያሳልፋል። ሁለቱ ሲጫን ይሠራሉ፤ አንዱ አየሩን ወደዚያ ቫልቭ ስላይድ ይልከዋል፣ ሌላው ይመልሰዋል። የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ላይ የተለያየ ነው። ውፍረታቸው ግን ለዓይን አንድ ስለሆነ 1ኛው ቫልቭ በ3ኛው ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል። ሲገባ ምንም አይልሽም፤ ስትነፊ ነው የምታውቂው።

ለዚህ ነው ቁጥር የተቀረጸባቸው። ቫልቩ አናት ላይ ወይም ጎኑ ላይ 1፣ 2 ወይም 3 የሚል ታገኛለሽ። ቁጥሩ ደብዝዞ ከሆነ በባትሪ መብራት ከጎን አብሪበት፤ ጥላው ያወጣዋል። በብዙዎቹ ትራምፔቶች ቁጥሩ ወደ ማውዝፒሱ፣ ማለትም ወደ ነፊዋ ዞሮ ነው የሚገባው። አንዳንድ ፋብሪካ ግን ወደ ቤሉ ያዞረዋል። በአንዱ አልሆን ካለ በሌላው ሞክሪ።

አገባቡ እንዲህ ነው። ቫልቩን በዘንጉ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ቤቱ አውርጂው። አትግፊው፤ በራሱ ክብደት ይውረድ። ላይኛው ጫፍ ጋ ሲደርስ ጋይዱ፣ ያቺ ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የናስ ቁራጭ፣ የቤቱን ግድግዳ ትነካለች። ቤቱ ውስጥ ለእሷ የተቆረጠ ቀጭን ጎድጎድ አለ። ቫልቩን በቀስታ ወደ ቀኝ አዙሪው። ጋይዷ ጎድጎዱን ስታገኝ «ቀጭ» ትላለች፤ በጆሮ ባትሰሚው በጣትሽ ይሰማሻል። ከዚያ በኋላ ቫልቩ አይዞርም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሞክሪው። አሁንም የሚዞር ከሆነ አልተቀመጠም፤ ክዳኑን አትዝጊበት። ሳይቀመጥ ክዳን ተዘግቶበት በግድ ሲጫኑት ነው የፕላስቲክ ጋይድ የሚሰበረው። ለአንዲት ጋይድ ብለሽ መለዋወጫ ፍለጋ ስትዞሪ ትከርሚያለሽ።

ሁሉም ቁጥር በየቤቱ ገብቶ፣ «ቀጭ» ብሎ፣ አሁንም ከተዘጋ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቫልቩን ራሱን ፈታትተሽው ነበር? ሞላውንና ጋይዱን አውጥተሽ ካጠብሽ፣ ጋይዱ ተገልብጦ ወይም ፊቱን አዙሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ቀዳዳዎቹ ግን ግድግዳ ይጋፈጣሉ። የጋይዷን ሁለት ጆሮዎች አስተያዪ። ብዙ ጊዜ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። የቤቱም ጎድጎድ እንደዚያው ነው። ሰፊው ከሰፊው፣ ጠባቡ ከጠባቡ። ለሚቀጥለው ግን አንድ ቫልቭ ሳትገጥሚ ሌላውን አትፍቺ። ቢያንስ አንዱ ሙሉ ሆኖ አጠገብሽ ካለ እሱን እያየሽ ትገጥሚያለሽ። ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ ማንሳትም ወጪ የለውም።

አሁን ወደ 3ኛው ቫልቭና ወደ ኑግ ዘይትሽ ልምጣ።

በቫልቩና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። አየር እንዳያመልጥ የሚዘጋው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ በመካከል ያለችው ስስ የዘይት ንብርብርም ጭምር ናት። ስለዚህ ዘይቱ ቀጭን፣ የማይደርቅና ሙጫ የማይሆን መሆን አለበት። የኑግ ዘይት ሦስቱንም አያሟላም። መጀመሪያውኑ ወፍራም ነው። አየር ሲያገኝ ደግሞ ልክ እንደ ተልባ ዘይት ቀስ በቀስ ይደርቃል። መጥበሻ ግድግዳ ላይ ተጋግሮ የሚቀረውን ቢጫ ሙጫ ታውቂዋለሽ፤ ቫልቭሽ ላይ እየተሠራ ያለው እሱ ነው። ሱፍም፣ ኦሊቭም፣ ፓልምም ቢሆን ምክሬ አይለወጥም። የምግብ ዘይት ቫልቭ አይነካም።

የሞተር ዘይት ወፍራም ነው። ነጭ ጋዝ ቀጭን ነው፤ የድሮ የቫልቭ ዘይቶችም ከእሱ ብዙ የራቁ አልነበሩም። ግን ሽታው አለ፣ የምትተነፍሽውም በዚያው ቱቦ ነው፣ ቶሎም ይተናል። አልመክርም። የስፌት መኪና ዘይት ለአንድ ቀን ጭንቅ ያወጣ ይሆናል፤ ቫልቩን ግን ያዘገየዋል። ቅዳሜ ሠርግ ካለሽ ከባንዱ አባላት ከአንዱ ጥቂት ጠብታ እውነተኛ የቫልቭ ዘይት ተበደሪ። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለብዙ ጊዜ ስለሚበቃ የሚነፍግሽ አይኖርም።

ዘይቱን ስለቀባሽው ቫልቮቹ እንደገና መውጣት አለባቸው። ይህን እንደ ቅጣት አትዪው፤ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ለመግጠም ዕድል ነው። ሦስቱን አውጪ፣ ሞላና ፌልት (ክብ የሱፍ ሮንዴላ) ካላቸው አንድ በአንድ፣ በተራ ለዪ፣ በለብታ ውኃና በጥቂት ላርጎ እጠቢ። ሙጫው አልለቅ ካለ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጨርቅ አርሰሽ የቫልቩን ብረት ብቻ ጥረጊ። አልኮሉ የትራምፔቱን ውጪ እንዳይነካ፤ የሚያብለጨልጨውን ልባስ ሊያነሳው ይችላል። የቫልቭ ቤቶቹንም ውስጣቸውን ለስላሳ ጨርቅ በቀጭን እንጨት ጠቅልለሽ አጽጂ። እንጨቱ ሙሉ በሙሉ ይሸፈን።

ብርጭቆ ወረቀት፣ የብረት ሱፍ፣ ብራሶ፣ እነዚህ ቫልቭ አጠገብ እንዳይደርሱ። ብራሶ የሚያወለውለው እየፋቀ ነው። ያ የፀጉር ክፍተት አንዴ ከሰፋ ማንም መልሶ አያጠበውም። ልባስ ያለው ትራምፔት ውጪውንም በብራሶ አይወለወልም። በወታደር ቤት ልማድ ሆኖ ብዙዎቻችን ማወልወል የምናውቀው በእሱ ነው። ልባሱ ሲነሳ ለሳምንት ያምራል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ማወልወል ግዴታ ይሆናል። በረኪናማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ናስን ይበላዋል።

ማድረቂያው ላይም ተጠንቀቂ። ፎጣና ሶፍት ክር ይተዋሉ፤ አንዲት ክር ቫልቭ ለማስያዝ ትበቃለች። ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ቆርጠሽ ተጠቀሚ። ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረውን ውኃ ደግሞ አዘቅዝቀሽ አንጠፍጥፊ። አትቸኩዪ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያድርም ጉዳት የለውም።

ከእጥበቱ በኋላም ያው 3ኛው ከያዘ የሚከተሉትን ፈትሺ። የታች ክዳኑን ግማሽ ዙር አላዪና ቫልቩን ተጫኚ። አሁን ከተፈታ ክዳኑ ከልክ በላይ ጠብቆ የቤቱን ጫፍ አጥብቦት ነበር። የታች ክዳን የሚጠብቀው በሁለት ጣት ነው፤ በቃ። ካልተፈታ ሞላውን እዪ። ከሌላኛው ቫልቭ ሞላ ጋር አቁመሽ አስተያዪው። አንዱ ካጠረ ወይም ከተጣመመ ምክንያቱ እሱ ነው፤ መለወጥ እንጂ መጎተትና ማስረዘም አይሆንም። ሞላው ደህና ከሆነስ? ዘይት የተቀባ ቫልቭሽን ቤቱ ውስጥ ስታወርጂው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል? እንግዲያው ቤቱ ተመትቷል። ይሄ በመኖሪያ ቤት የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ወደ ባለሙያ ውሰጂው።

ነገሩ ሲነሳ፣ ብዙ ጊዜ ተመትቶ የሚመጣልኝ 2ኛው ቤት ነው። ትንሿ ስላይድ ወደ ጎን ስለወጣች ትራምፔቱ በእሷ ላይ ሲጋደም ክብደቱ ሁሉ ቤቱን ይጫነዋል። ትራምፔት ሲጋደም ያቺ ስላይድ ወደ ላይ ትሁን።

እሺ፣ አሁን ሁሉም ንጹሕና ደረቅ ነው እንበል። ብዙ ሰው ቫልቮቹን አስቀድሞ ያስገባል። አንቺ መጨረሻ ላይ አስገቢያቸው። ስላይዶች ግራሶ ይቀባሉ፤ ሲገቡ ትርፉ ግራሶ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ የተወሰነው ቫልቭ ቤት ድረስ ይደርሳል። ቤቱ ባዶ ከሆነ በጨርቅ ትጠርጊዋለሽ። ቫልቭ ካለበት ግራሶው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ቫልቩን ያከብደዋል።

በታች ክዳኖች ጀምሪ። የክዳን ጥርስ ቀጭን ናስ ነው፤ ተጣሞ ከተጀመረ በአንድ ዙር ይላጣል። መላው ይህ ነው፤ ክዳኑን ቦታው ላይ አስቀምጪና መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብለሽ አዙሪው። የሆነ ቦታ ላይ ጠብ ሲል ይሰማሻል። ጥርስ ከጥርስ የተገናኘው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቂ። ያለ ምንም ትግል ይሄዳል። ይህን ለላይ ክዳኖችም፣ ክር ላለው ለማንኛውም የትራምፔት ክፍል አድርጊው።

ከዚያ ስላይዶች። ትልቁ የመቃኛ ስላይድና የ2ኛው ቫልቭ ትንሽ ስላይድ አንዴ ከተስተካከሉ ቆመው የሚቀሩ ስለሆኑ ወፍራም ግራሶ ይፈልጋሉ። የመሣሪያ ግራሶ ከጠፋ ቫዝሊን ለእነዚህ ይሆናል፤ ሙቀት ሲያገኝ ይቀልጣል እንጂ ብረት አይጎዳም። 1ኛውና 3ኛው ግን እየተነፋ በጣት የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ እነሱን ስስ አድርጊላቸው። ወፍራም ግራሶ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የቫልቭ ዘይት ቢያርፍበት ልኩ ይመጣል። አቀባቡ ጫፉ አካባቢ ስስ ቀለበት አድርጎ፣ አስገብቶ፣ እያሽከረከሩ አዳርሶ፣ የወጣውን ትርፍ መጥረግ ነው። ሁለት እግር ያለውን ስላይድ ማሽከርከር ስለማይቻል አንዱን እግር ብቻ አስገብተሽ ወዲያ ወዲህ አሽከርክሪ፤ ከዚያ ሌላውን እግር። ሁለቱንም ካዳረስሽ በኋላ አንድ ላይ ይገባሉ።

የ3ኛው ስላይድ መቆሚያ ቪቴ ካለው መልሰሽ ግጠሚ። ሰልፍ ላይ እየተራመድሽ ስላይዱ ወልቆ አስፋልት ላይ ሲወድቅ ማየት ደስ አይልም። ቫልቮቹ ከገቡ በኋላ ደግሞ ስላይድ ስታስገቢም ስታወጪም የራሱን ቫልቭ ተጭነሽ ይሁን። አለበለዚያ አየሩ ውስጥ ታፍኖ ይታገልሻል፣ ስታወጪው ደግሞ «ቧ» ብሎ ይወጣል። ድምፁ ቫልቩ አየር መያዙን ያሳያል። ልማድ አድርገሽ አትጫወቺበት እንጂ።

ስላይዶቹ ገብተው ቤቶቹ ከተጠረጉ በኋላ ቫልቮቹ ይግቡ። ሦስት አራት ጠብታ ዘይት ቫልቩ ብረት ላይ አንጠባጥቢና ከላይ በነገርኩሽ አኳኋን አውርጂው። አንዱን ብቻ አስገብቶ ነፍቶ መፈተን፣ የሌሎቹ ቤቶች ባዶ ስለሆኑ አይመችም፤ ሦስቱም ይግቡና የአየሩን ፈተና ድገሚው።

ፌልቶቹን እንዳትረሺ። በጣት መጫኛው ስርና በላይ ክዳኑ አካባቢ ያሉት ክብ የሱፍ ሮንዴላዎች ለድምፅ ማለስለሻ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም። ቫልቩ ምን ያህል እንደሚወርድና ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንዱ ከጠፋ ወይም ወፍራሙ በቀጭኑ ቦታ ከገባ የቫልቩ ቀዳዳ ከቱቦው ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። ትራምፔቱ ይነፋል፤ ግን ይታነቃል፣ ማስተካከሉም ይከብዳል። ለማየት ከፈለግሽ የ2ኛውን ስላይድ አውልቂ፣ 2ኛውን ቫልቭ ተጫኚና በቱቦው ውስጥ በባትሪ እዪ። ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ ሆነው ከታዩሽ ደህና ነው። የቫልቩ ጠርዝ ብቅ ብሎ ከታየሽ ፌልቱ አርጅቷል ወይም ተቀያይሯል።

አንድ ጥያቄ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን ላንሳው። ብቻሽን ነው ያጠብሽው ወይስ ከባንዱ ሌሎች ትራምፔቶች ጋር? ሁለት ትራምፔት በአንድ ሳፋ ከታጠበ የአንዱ 3ኛ ቫልቭ ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። ቫልቭ በፋብሪካ ከራሱ ቤት ጋር ነው የሚጣጣመው። ሞዴሉ አንድ ቢሆን እንኳ የሌላው ቫልቭ ሊይዝ ወይም አየር ሊያባክን ይችላል። ሁለቱም ትራምፔት በአንድ ቀን ከተበላሸ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሪ። እኛ አገር ደግሞ ይሄ ያጋጥማል። የነሐስ ባንድ ታሪካችን ረጅም ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን ይመሩ ከነበሩት የአርመን «አርባ ልጆች» ጀምሮ እስከ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ምድር ጦር ባንዶች ድረስ መሣሪያው በአብዛኛው የተቋሙ እንጂ የነፊው አልነበረም። ዛሬም በብዙ ባንድ እንደዚያው ነው። በብዙ እጅ ያለፈ ትራምፔት ላይ የአንዱ ክዳን፣ የሌላው ሞላ፣ የሦስተኛው ጣት መጫኛ ተገጥሞ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ያንቺ መሣሪያ እዚህ ከጻፍኩት በአንድ ነገር ቢለይብሽ አትደንግጪ። እየፈታሽ ያየሽውን እመኚ።

የምራቅ መውጫዋን ቡሽም እዪ። ውኃ ውስጥ ቆይታ ብትሸሽ ወይም ጠርዟ ቢላጥ ዝቅተኛ ድምፆች ላይ መንቀጥቀጥ ታመጣለች። ለመፈተሽ ትልቁን ስላይድ አውልቂ፣ አንዱን እግር በአውራ ጣት ድፈኚ፣ በሌላው ንፊ። ከቡሿ ዙሪያ ትንፋሽ ከወጣ ቡሽ ትለወጣለች፤ ርካሽ ሥራ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የመጨረሻ ማረጋገጫ በጆሮ ነው። 2ኛው ቫልቭ ድምፁን በግማሽ ቶን፣ 1ኛው በአንድ ቶን፣ 3ኛው በአንድ ተኩል ያወርዳል። ስለዚህ 1ኛውና 2ኛው አንድ ላይ ሲጫኑ ከ3ኛው ብቻ ጋር ተቀራራቢ ድምፅ ይሰጣሉ። በኖታሽ ላይ ያለውን መካከለኛውን «ላ» በ1 እና 2 ንፊው፣ ከዚያ ሳታቋርጪ ወደ 3 ብቻ ቀይሪ። ድምፁ ጥቂት ሊለይ ይችላል፤ ግን ያው «ላ» ነው። ከሆነልሽ ሦስቱም ቫልቮች ተጭነው አየሩን ወደ ስላይዶቻቸው እየላኩት ነው። ካልሆነልሽ ወደ ትንፋሹ ፈተና ተመለሺ።

ይህ ሁሉ ለፒስተን ቫልቭ፣ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች ለሚሄድ ቫልቭ፣ መሣሪያ ነው። በባንዳችሁ ባሪቶን ወይም ቱባ የሚነፋ ካለ አሠራሩ ይቀራረባል፤ ሞላው አንዳንዴ ከቫልቩ ስር ይሆናል እንጂ። ትሮምቦን ሲታጠብ የውስጥና የውጭ ስላይዱ ቀጥታነት ነው ነገሩ ሁሉ፤ አጥቦ ግድግዳ አስደግፎ ማቆም ሊያጣምመው ይችላል። ፍሬንች ሆርን ያለው ሰው ግን ሮታሪ (የሚሽከረከር) ቫልቩን ራሱ እንዳይፈታ ንገሪልኝ። እሱን መልሶ መግጠም የልምድ ሥራ ነው።

ማውዝፒሱን የመጨረሻ አድርጊው። አስገቢና ትንሽ ጠምዝዘሽ ተዪው። በመዳፍ «ጧ» አድርጎ መምታት የብዙ ወጣት ነፊ ልማድ ነው፤ ድምፁ ያስደስታል፣ ማውዝፒሱ ግን ተነክሶ ይቀራል። ከእጥበት በኋላ ደረቅ ናስ በደረቅ ናስ ላይ ስለሆነ የበለጠ ይነክሳል። ከተነከሰብሽ ሁለት ሰው ሆኖ መጎተት፣ በር ውስጥ ማስያዝ፣ በፒንሳ መጠምዘዝ አይሆንም። ማውዝፒሱ የሚገባበት ቱቦ ስስ ስለሆነ ይጠማዘዛል። ለዚህ የተሠራ ማውለቂያ አለ፤ ጠጋኝ ጋ ከሄድሽ ቶሎ ያወልቅልሻል። ቅዳሜ ከሠርጉ ስትመለሺም ማውዝፒሱን አውልቀሽ ለብቻው አስቀምጪው።